ቅል አጥልቅ የደረቀበት ዓመት

ኑ ልጆቼ፣ ጠጋ ጠጋ በሉ። አንተም በሩ ላይ የቆምከው ግባና ቁጭ በል፤ ቆመው የሰሙት ነገር ከጆሮ አያልፍም። ጀንበሯ ገና ናት፣ ከብቱም አልገባም፣ ጊዜ አለን። የምነግራችሁ ደስ የሚል አይደለም። ይህን አስቀድሜ ልበላችሁ፣ ኋላ አታለለን እንዳትሉኝ። ሲከብዳችሁ አስቁሙኝ፣ ትንፋሽ እንወስዳለን።

ከመካነ ሰላም በእግር ግማሽ ቀን የሚርቀውን አገራችንን፣ ቀጨሞን፣ እናንተ የምታውቁት ውሃ በአህያ ከወንዝ ሲጋዝ ነው። አገሩ ሲፈጠርም እንዲህ የነበረ ይመስላችኋል። አይደለም። ከቤተ ክርስቲያኑ በታች፣ አሁን ደረቁ ድንጋይ የተከመረበት ቦታ ላይ፣ ቅል አጥልቅ የሚባል ምንጭ ነበረን። ስሙ እንደሚለው ነው፤ ቅልህን ሳታጋድል ታጠልቀዋለህ፣ ሞልቶ ይወጣል። ክርስቲያኑም እስላሙም ከዚያው ይቀዳ ነበር። ሚያዝያ ላይ እንኳ፣ ሰማዩ ሲነድ፣ አይጎድልም።

ያኔ የቅሬው ዳኛ እኔ ነበርኩ። ቅሬ ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ፤ ሬሳ የሚያነሣው፣ የታመመ የሚጠይቀው፣ ቤቱ ለተቃጠለበት ቤት የሚያቆምለት ማኅበር ነው። ከቅሬ የወጣ ሰው በቁሙ የሞተ ነው። ይህን የማውቀው አንድ ሰው ስላስወጣሁ ነው። አለኸኝ ይባላል። ቅል አጥልቅን አድርቀሃል ብለን ነው ያስወጣነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። አለኸኝ ከምንጩ አጠገብ ባለች ቁራጭ መሬቱ ላይ ባሕር ዛፍ ተከለ። ባሕር ዛፍ ውሃ እንደሚጠጣ ሕፃን ያውቀዋል። ዛፉ ከፍ ከፍ ሲል ምንጩ ዝቅ ዝቅ አለ። ሁለት ሺህ ዓመተ ምሕረት ሊገባ ጥቂት ወር ሲቀረው፣ ሬዲዮኑ ሁሉ ሚሊኒየም ሚሊኒየም ሲል፣ ቅል አጥልቅ ድርቅ አለ። ቅሬው ኮሶው ዛፍ ሥር ተሰበሰበ። እኔ ፈረድኩ። «ዛፍህን ቆርጠህ ጉቶውን ከነሥሩ ታወጣለህ። ውሃው እስኪመለስ ድረስ ከቅሬ ወጥተሃል» አልኩት። እስኪመለስ ድረስ ስለው የምሕረት ቃል የጨመርኩለት መስሎኝ ነበር።

የባሕር ዛፍ ጉቶ ነቅላችሁ ታውቃላችሁ? አንዱን ለማውጣት ጎበዝ ሰው ቀኑን ሙሉ ይፈጅበታል። አለኸኝ መቶ አርባ ጉቶ ብቻውን በዶማ አወጣ። ማገዝ ክልክል ነበርና ማንም አላገዘውም። በጋው አልቆ ጉድጓዶቹን ለማየት ወጣን። ውሃው አልመጣም። «ሥሩ ቀርቷል» አልን። እሱም አልተከራከረንም፣ እንደገና ቆፈረ።

ሚስቱ ብርሀንነሽ ትባላለች። ምንጩ ከደረቀ ወዲህ የሁላችንም ሚስቶች ከወንዝ ነበር የሚቀዱት፤ ሌሎቹ ግን በቡድን እየተጫወቱ ሲወርዱ እሷ ብቻዋን ነበረች፤ አብረዋት እንዳይሄዱ ከልክለናል። በሁለተኛው ዓመት ዳገቱ ላይ እንስራ እንዳዘለች ወደቀች። ወገቧን አለች፣ ተኛች፣ ሰነበተች፣ ሞተች። ካህኑ ፍትሐት አደረሰላት፣ እግዚአብሔር ይስጠው። መቃብሯን ግን ቅሬው አልቆፈረም። አለኸኝ ራሱ ቆፈረው፣ ጉቶ ባወጣበት ዶማ። እኔ ከአጥሩ ውጭ ቆሜ አየሁት። ምን ያህል እንደቆምኩ አላውቅም፤ እንዳልገባሁ ብቻ አውቃለሁ። ከአርባዋ በኋላ ቤቱን ዘግቶ ወደ መካነ ሰላም ሄደ።

እንዲህ ሆኖ ስንት ዓመት አለፈ። እኛም ወንዝ መውረዱን ለመድነው። ምንጩ መቼ ደረቀ ብሎ የጠየቀን ሁሉ መልሱ ከአፋችን ይዘልላል፤ «የአለኸኝ ባሕር ዛፍ ያደገ ጊዜ»። እኛ ዓመት በቁጥር አንይዝም፣ በሆነ ነገር ነው የምንይዘው። አንዴ በተሳሳተ ነገር ከያዝነው ግን ማን ያላቅቀዋል?

በሁለት ሺህ አሥራ አንድ፣ ጥር ላይ፣ ከደሴ አንዲት ልጅ መጣች። ኢልሀም ትባላለች። ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የምታጠና ናት፤ የመሬቱን፣ የጨፌውን፣ የምንጩን ታሪክ ነው የምጽፈው አለችን።

«የምንጭ ታሪክ ደግሞ ምን ይባላል ልጄ፣ ምንጭ የት ዘመተና?» አልኳት።

«የዘማቾቹን የጻፈ ሞልቷል አባባ። እኔ የምፈልገው ቤት የዋለውን ነው» አለችኝ።

ወደድኳት። ቤታችን አሳረፍናት። እንደ ወስፌ ያለ ረጅም ብረት ይዛ እየዞረች መሬት ትወጋለች፣ አፈር ታወጣለች፣ ታሸትተዋለች፣ በላስቲክ ቋጥራ ትጽፍበታለች። አገሩ ሁሉ ወርቅ ፈላጊ ናት ብሎ ተከተላት። የኋላሸት የሚባለው ጎረቤታችንማ ሁለት ቀን ሥራ ፈትቶ ከኋላዋ ዋለ። «ካገኘሽ እርሻው የእኔ ነው» ይላታል። እሷም «ካገኘሁ ትል ነው፣ ውሰዱት» ትለዋለች።

በሦስተኛው ቀን ሽማግሌዎቹን ኮሶው ሥር ሰበሰበችን። ኬሻ አነጠፈች፣ አንድ እፍኝ ባቄላ አመጣች። አንድ ባቄላ አንድ ዓመት ነው አለችን። የሚሊኒየሙን ዓመት መሀል ላይ አኖረችው፤ እሱን ሁላችንም እናውቀዋለን። ከዚያ ወዲያና ወዲህ እየደረደረች ጠየቀችን፤ ድርቁ የቱ ጋ፣ በረዶው የቱ ጋ፣ ቅል አጥልቅስ የቱ ጋ። እኛም እንደ ልማዳችን መለስንላት።

«መልካም» አለችና ዞር ዞር ብላ አየች። «ሴቶቹስ?»

«ሴቶቹ ምን ያውቃሉ?» አለ የኋላሸት። «የውሃው ጉዳይ በቅሬ አልቋል።»

«ውሃ ይቀዱ የነበሩት እነማን ናቸው?»

ከመካከላችን አንድ ቅል ውሃ ቀድቶ የሚያውቅ አልነበረም።

ሴቶቹ መጡ። ባለቤቴ የትምወርቅ እጇን በቀሚሷ እየጠረገች፣ ጎረቤቷ አልታዬም ተከትላት መጥተው ኬሻው ዳር ተቀመጡ።

«እናቴ፣ ቅል አጥልቅ መቅጠን የጀመረው መቼ ነው?» አለች ኢልሀም።

«ሰብሌ ሆዴ ውስጥ እያለች» አለች የትምወርቅ። ለአፍታ እንኳ አላሰበችም። «ቅሉን አጋድሜ እስኪሞላ ስጠብቅ ወገቤ ቁርጥ ይል ነበር። ወረፋ የጀመርነው ያኔ ነው። ከዚያ በፊት ውሃ ላይ ወረፋ የሚባል መች እናውቅና።»

«እውነቷን ነው» አለች አልታዬ። «እኔ እንዲያውም በወረፋ ተጣልቼ የዚህን የኋላሸትን እናት በቅል መትቻታለሁ። ነፍሷን ይማር፣ ጭንቅላቷ ከቅሉ ይጠነክር ነበር።»

ሁላችንም ሳቅን፣ የኋላሸትም ጭምር። ኢልሀም ባቄላ አኖረች። «የአቶ አለኸኝ ባሕር ዛፍስ መቼ ተተከለ?»

«ሰብሌ ስትሮጥ ነዋ። ብርሀንነሽ ችግኙን ከአህያ ስታወርድ ይቺ ቀበጥ ሮጣ ሄዳ አንዱን መዥረጥ አደረገችባት። ልመታት ስነሣ ብርሀንነሽ በሳቅ ወደቀች። ‹ተያት፣ ከአሁኑ አራሚ ወጥቷታል› አለችኝ።»

ልጆቼ፣ ሆድ ውስጥ ያለች ልጅ አትሮጥም። ወረፋው ሰብሌ ሳትወለድ ነው፣ ዛፉ ሰብሌ ስትሮጥ ነው። ኬሻው ላይ የወረፋው ባቄላ ከዛፉ ባቄላ በሦስት ቀድሞ ተቀምጧል። አንድ ጣት የምታህል ችግኝ ገና ሳትተከል ነው ውሃው የቀጠነው። ሳቃችን የት እንደገባ አላውቅም።

ኢልሀም ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ከወረፋው በፊት በነበረው ዓመትስ፣ ከምንጩ በላይ የተሠራ ነገር አለ?»

ሁሉም ያውቃል። ሁሉም እኔን አየኝ። ዳኛ ነበርኩና መልሱም የእኔ ነበር።

«ጨፌውን አደረቅነው» አልኳት።

አሁን እርሻ የሆነው ከላይ ያለው ሜዳ ያኔ ጨፌ ነበር፤ ቄጤማና እንግጫ የሞላበት፣ በሬ ገብቶ እስከ ጉልበቱ የሚሰምጥበት። መሬት ከተደለደለ በኋላ ያገቡ ወጣቶች ድርሻ አልነበራቸውም። ወደ እኔ መጡ። የኋላሸትም አንዱ ነበር፣ ሃያ ዓመቱ ነው። አዘንኩላቸው። ደቦ ጠራሁ፣ ስልሳ ሰው ወጣ፣ ሦስት ቀን ሙሉ እየዘፈንን ትልቅ ቦይ ቀደድን። የመጀመሪያውን ዶማ የመታሁት እኔ ነኝ። በሬ አረድን። ጥቁሩ ውሃ በቦዩ እየተንደረደረ ገደል ሲገባ እልል ተባለ። በዓመቱ የበቀለው ገብስ ፈረስ ያሰጥም ነበር። በሕይወቴ ከሠራሁት ሁሉ መልካሙ ያ ነው እል ነበር።

ኢልሀም ብረቷን ይዛ ወደ ሜዳው ወሰደችኝ። ከመሬት ያወጣችውን ጥቁር አፈር መዳፌ ላይ አኖረችው። ጨመቅሁት፤ በነነ።

«ይህ ክረምት የጠጣውን በጋውን ሙሉ ቀስ እያለ ለቅል አጥልቅ ያቀብል ነበር» አለችኝ። «ጨፌው የምንጩ ጎተራ ነበር አባባ። ባሕር ዛፉም ውሃ ጠጥቷል፣ አልዋሽዎትም። ግን ጎተራው ከተከፈተ በኋላ የመጣ ነው።»

«ቦዩን ብንደፍነውስ ይመለሳል?»

አፈሩን ከመዳፌ ላይ አራግፋ መልሳ ላስቲኳ ውስጥ ከተተችው። ጊዜ ወሰደባት።

«ይህ አፈር እስኪጠራቀም ብዙ ሺህ ዓመት ፈጅቷል። እርስዎም አያዩትም፣ እኔም አላየውም።»

ያን ቀን ቤት ገብቼ የትምወርቅን ተቆጣኋት። ሰው ሲያፍር የሚያደርገውን ታውቃላችሁ። «ይህን ሁሉ ዓመት ለምን አልነገርሽኝም?»

«መች ጠየቅኸኝ?» አለችኝ፣ ሽሮዋን እያማሰለች። «ፈርዳችሁ መጥታችሁ ነው የነገራችሁን። አንድ ቀን አፌን ስከፍት ‹የቅሬ ነገር የሴት ወሬ አይገባበትም› አልከኝ። ረሳኸው?»

ረስቼው ነበር ብላችሁ ደስ ባለኝ። አልረሳሁትም።

ከዚያ ወዲያ እንቅልፌም እህሌም አንድ ነገር ሆነ፤ አለኸኝን ሳይሞት፣ እኔም ሳልሞት፣ ወደ አገሩ መመለስ። ቅሬውን ሰበሰብኩ። ያለ ክርክር ተስማሙ፤ ይግባ፣ ቤቱን ክዳን እናለብስለታለን፣ ለብርሀንነሽ መቃብርም በወጉ ድንጋይ እንክብላታለን አሉ። መልእክተኛው እኔ ሆንኩ።

መካነ ሰላም የደረስኩት በገበያ ቀን ነው። አለኸኝ የሀሊማ ወፍጮ ቤት እህል አፍሳሽ ሆኖ ነበር፤ ሀሊማ ደግ ሴት ናት፣ ማደሪያም ሰጥታዋለች። በሩ ላይ፣ ይቅርታ ጠያቂ እንደሚያደርገው፣ አንድ ድንጋይ አንሥቼ ጫንቃዬ ላይ አደረግሁና ገባሁ። ውስጡ ነጭ ጭጋግ ነው። ወፍጮው ያጓራል። ሴቶች ማዳበሪያቸውን ደርድረው ወረፋ ይዘዋል። አለኸኝ ቅንድቡ ድረስ ዱቄት ለብሷል፣ አፉን በጨርቅ አስሯል። አየኝ። ድንጋዩንም አየ።

«አውርደው» አለኝ። «የሰው እህል ላይ ይወድቃል።»

አወረድኩት። «አለኸኝ፣ አሻግሬ ነኝ!»

«አየሁህ። ጆሮዬን ነው እንጂ ወፍጮው የበላው፣ ዓይኔን አይደለም።»

ልነግረው ጀመርኩ፣ አልሰማኝም። ጮኽኩ፣ አሁንም አልሰማኝም፤ ጆሮውን አስጠጋልኝ። ባለኝ ጉልበት ሁሉ ስጮህ መብራት ጠፋ። ወፍጮው ቀጥ አለ። ቤቱ ውስጥ የቀረው የእኔ ድምፅ ብቻ ነበር፤

«ቅል አጥልቅን ያደረቅነው እኛ ነን!»

አንዲት ከወረፋው ያለች ሴት «ምኑን ነው ያደረቃችሁት አባባ? ኑሮውን ከሆነ እኛም ደርቀናል» አለች። ሳቁ። ኋላ የሁለታችንን ፊት ሲያዩ ወደ ማዳበሪያቸው ዞሩ። ሀሊማ እጄን ይዛ አወጣችኝ። «መብራቱ እስኪመጣ ውጭ ተቀመጡ። አብሽር አለኸኝ፣ እህሉን እኔ አያለሁ» አለችው።

ከግድግዳው ሥር ባዶ ማዳበሪያ ላይ ተቀመጥን። ሁሉንም ነገርኩት፤ ባቄላውን፣ ሰብሌን፣ ጨፌውን። አንድም አላስቀረሁ። ጨርቁን ከአፉ ፈትቶ እየጠቀለለ ሰማኝ። ይቆጣል ብዬ ጠብቄ ነበር። ቢቆጣ እንዴት ደስ ባለኝ።

«ውሃው ተመለሰ?» አለኝ።

«አልተመለሰም። አይመለስም አለች።»

ጨርቁን ፈታው፣ መልሶ ጠቀለለው።

«እኔ እኮ አምኛችሁ ነበር» አለኝ። «ያን ሁሉ ጉቶ ያወጣሁት ፈርቻችሁ መሰለህ? እውነት እኔ ያደረቅሁት መስሎኝ ነው። የሰው ልጅ በእኔ ዛፍ ተጠማ እያልኩ ነው የቆፈርኩት። ብርሀንነሽ ትነግረኝ ነበር። ‹እኛ አይደለንም አንተ ሰው፣ ውሃው ቀድሞ ነው የቀጠነው፣ ዛፉ ሳይመጣ ወረፋ ቆሜያለሁ፣ ሂድና ንገራቸው› ትለኝ ነበር። አልጋ ላይ ሆናም ብላኛለች። ‹ዝም በይ፣ ሌላ ቅጣት ታመጭብናለሽ› አልኳት። ዝም አለች። ከዚያ ወዲያ ስለ ውሃ አንስታ አታውቅም።»

ቅሬው መልሶሃል፣ ቤትህን እንከድናለን፣ መቃብሯን እንክባለን አልኩት። እንደ ሕፃን ቆጥሮ አየኝ።

«እናንተን ይቅር ብያለሁ» አለኝ። «እሱ ቀላል ነው። በደለኛ መሆኔን ለምጄው ነበር አሻግሬ፤ በእኔ ጥፋት ሞተች እላለሁ፣ እቀጣለሁ፣ ይነጋል። አሁን መጥተህ ጥፋት የለህም ትለኛለህ። ታዲያ እውነቱን እየነገረችኝ ነው ያፈንኳት። ይህን ይዤ እዚያ መቃብሯ ዳር እንዴት ልኑር?»

መብራቱ መጣ፣ ወፍጮው አጓራ። ተነሥቶ ጨርቁን አፉ ላይ አሰረ። የተናገርኩትም ያልተናገርኩትም ከዚያ ወዲያ አይሰማም።

ባዶ እጄን ተመለስኩ። አንድ ነገር እንኳ ላቅና ብዬ ቦዩን እንድፈን ስል ቅሬውን ለመንኩ። ለእኛ ባይደርስ ለልጅ ልጅ ይደርሳል አልኩ። የኋላሸት ተነሣ። አልተቆጣም፣ አክብሮኝ ነው የተናገረው።

«አባባ አሻግሬ፣ ያን መሬት የሰጡኝ እርስዎ ነዎት፣ መርቀውም ነው። አራት ልጅ አድርሼበታለሁ። ጨፌ ይሁን ካሉ ይሁን፤ ልጆቼን ምን ላብላቸው ብቻ ይንገሩኝ።»

ቦዩ እንዳለ ነው። እንዲያውም በየክረምቱ እየተናደ ዛሬ ሰው ቆሞ አይታይበትም።

በዓመቱ ኢልሀም መጽሐፏን ላከችልን። እንግሊዝኛ ነው። የትምህርት ቤቱ መምህር አባተ ገልጦ የእኛን ቦታ ፈለገልኝ። ሰንጠረዥ ውስጥ አንድ መስመር ናት። «‹ምንጭ ቁጥር አሥራ አንድ፤ የደረቀበት ምክንያት የጨፌ መድረቅ፤ መረጃ የሰጡት ሴቶች› ይላል» አለኝ። ገጹን አገላብጦ ሌላ የለም አለኝ። በስልክ ደወልኩላት።

«ልጄ፣ የቅል አጥልቅን ስም አላየሁም። የአለኸኝን፣ የብርሀንነሽንም።»

«ስም አይጻፍም አባባ። ሰዎቹ እንዳይጎዱ ተብሎ የወጣ ደንብ ነው።»

«የተጎዳችውስ?»

«አብሽሩ አባባ» አለችኝ፣ እያለቀሰች ይሁን አይሁን አላውቅም። አልፈርድባትም። እሷ ባትመጣ እኔ ዛሬም ጻድቅ ነበርኩ።

ጉልበቴ ሲፈቅድልኝ በገበያ ቀን መካነ ሰላም እወርዳለሁ። ወፍጮ ቤቱ በር ላይ፣ ማዳበሪያው ላይ እቀመጣለሁ። አለኸኝ ሥራ ሲበርድለት ይወጣና አጠገቤ ይቀመጣል። አሁን ጨርሶ አይሰማም። አንድም ቀን ና ብሎኝ አያውቅም፣ አንድም ቀን ሂድ ብሎኝ አያውቅም። ሀሊማ ለሁለታችን ዳቦ ትቆርስልናለች፣ እንበላለን፣ እመለሳለሁ። ቤቱ እዚህ ክዳኑ ወድቆ ግድግዳው እየፈረሰ ነው። መቃብሯ ላይ ድንጋይ እንካብ ስንል እሱ ካልመጣ ማን ይፈቅድልናል ተባለና ቀረ።

ይኸው ነው ልጆቼ። ከዚህ የተሻለ መጨረሻ ቢኖረው እሰጣችሁ ነበር። እኔ አርጅቻለሁ፣ እሱም አርጅቷል፣ መጽሐፉም ስም አይጽፍም። አደራ ብዬ የማስቀምጠው እናንተ ጋ ነው። ብርሀንነሽ ትባል ነበር። ውሃው ከዛፉ ቀድሞ እንደቀጠነ ከሁላችንም በፊት የተናገረች እሷ ናት፣ የሰማትም የለም። ሌላውን ሁሉ ብትረሱት አይከፋኝም። ስሟን ብቻ ያዙልኝ።